እጅ መፍታት

ሰው ሁሉ የሚጨነቀው ስለ አፍ ነው። ጎረቤቱም፣ ማሾ የሚያመጣልኝ ነጋዴም፣ መንገድ ላይ የምንተላለፈውም ሁሉ፣ "አፏን ፈታች ወይ?" ይለኛል። "እማዬ ትላለች? አባዬስ?" ኑርሃን አፏን ከመፍታቷ በፊት እጇን መፍታት አለመፍታቷን የጠየቀኝ ማንም የለም። እጅም እንደ አፍ ይፈታል፣ እንዲያውም ይቀድማል ስላቸው ይስቃሉ። "ይቺ ደግሞ አነበብኩ ብላ!" ይሉኛል። አዎ፣ አንብቤያለሁ። ማንበብ ነውር የሆነው ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ግን የትም ተጽፎ አላገኘሁም።

ኑርሃን የእህቴ የራቢዓ ልጅ ናት። ባሏ ሙጂብ ራቢዓን ሲፈታት ልጅቷ ገና መዳህ አልጀመረችም ነበር። እህቴ ትንሽ ቆየችና ጡት አስጥላ፣ ልጇን ጭኔ ላይ አስቀምጣ፣ ለሰው ቤት ሥራ ሪያድ ሄደች። እናትና አባታችን በሕይወት የሉም። ስለዚህ ሸዋሮቢት፣ ከአስፋልቱ ወረድ ብላ ባለችው የጭቃ ቤታችን ውስጥ እኔና ኑርሃን ብቻችንን ቀረን። የሙጂብ እናት እማ አሪፋ ያኔውኑ ልጅቷን ጀውሃ፣ ቤታቸው ወስደው ሊያሳድጉ ፈልገው ነበር። ሽማግሌ ተቀመጠ። ሸህ አደም፣ "ልጅቷ ከእናቷ ወገን ትቆይ፤ በአደብ እስካደገች ድረስ ማንም አይወስዳትም" ብለው ጨረሱት። በአደብ ካላደገች ጀውሃ ትሄዳለች ማለት ነው። "በአደብ" የምትለዋን ቃል ያን ቀን ማንም አልፈታትም። እነሱ በልባቸው አንድ ዓይነት ፈቷት፣ እኔ በልቤ ሌላ ዓይነት ፈታኋት፣ የማሳረጊያው ፋቲሃ ተቀራና ተለያየን።

ትምህርት አቋረጠች ይሉኛል። ጦርነቱ ሮቢት ሲደርስ ትምህርት ቤቱ ተዘጋ፤ ሲከፈት ደግሞ እናቴ አልጋ ይዛ ነበር። እንግዲህ ማን ማንን እንዳቋረጠ ሰው ይፍረድ። ከዚያ ወዲህ ስኳር የተጠቀለለበትን ወረቀት እንኳ ሳላነብ ጥዬ አላውቅም፤ ስልኬም ለዘፈን አይደለም የተገዛው። የምተዳደረው ማሾ በመልቀም ነው። ማሾ ያቺ ድብልብል አረንጓዴ ጥራጥሬ ናት፤ ቆላችን እሷንና ሽንኩርትን ያበቅላል። ነጋዴው በጆንያ ያመጣልኛል፣ እኔ ሰፌድ ላይ እየዘረጋሁ ጠጠሩንና ነቀዝ የበላውን አወጣለሁ። ቤቴ ሆኜ የምሠራው ሥራ ስለሆነ ቀኑን ሙሉ ከልጅቷ ጋር ነኝ።

አብሬያት መዋል ስጀምር መጀመሪያ ያስተዋልኩት አንዲት ቃል ነው። እኛ ሰፈር ልጅ ሲወለድ ጆሮው ላይ አዛን ይባልለታል፤ ከዚያ በኋላ እስኪያድግ ድረስ የሚሰማው "ተው!" ብቻ ነው። ተው አትንካ፣ ተው ትወድቃለህ፣ ተው ይቆሽሻል፣ ተው ጅብ ይመጣል። ሴት ከሆነች "ተዪ!" ይሆናል፣ እሱም በእጥፍ። ከዚያ ልጁ ሲያድግ፣ "ይሄ ልጅ ምን ነካው፣ አንድ ነገር በራሱ የማይሠራ!" ብለው ይገረማሉ። እኔ ለራሴ ማልኩ። እሳትና አስፋልት ካልሆነ በቀር እዚህ ቤት "ተዪ" አይባልም።

ሳፋ ውስጥ ውሃ አድርጌ ሁለት ኩባያ ሰጠኋት። ካንዱ ወዳንዱ ስትገለብጥ ትውላለች። መጀመሪያ ውሃው ሁሉ ጭኗ ላይ ነበር የሚያልቀው። ከዚያ ግማሹ። ከዚያ ምላሷን አውጥታ፣ ትንፋሿን ይዛ፣ ጠብታ ሳታፈስ። ብትርስ ምን አለበት፤ በሮቢት ፀሐይ የራሰ ልጅ ደረቅ ልብስ እስኪፈለግለት ይደርቃል። የጣሳ ክዳን ትከፍታለች፣ ትከድናለች። ሽንኩርት ስልጥ ልጣጩን ትቀማኝና ዓይኗን ሲያቃጥላት ታለቅሳለች፣ እያለቀሰች ግን አትለቀውም። የበራችን ደፍ ለእሷ ገደል ነው። በሆዷ ትተኛና እግሯን ወደ ኋላ ሰድዳ፣ መሬት እስክታገኝ በአውራ ጣቷ ትፈልጋለች። ያን ስታደርግ እኔ ሁለት እጄን ወደ ኋላ አጣምሬ ነው የምቆመው። ልርዳ ብሎ የሚጣደፍ እጅ ከሌባ እጅ አይሻልም፤ የልጁን ነገር ነው ወስዶ የሚሄደው።

ቁርሷንም ራሷ ትበላለች። ግማሹ ለዶሮ ነው፤ ዶሮዎቹም እሷን ተከትለው መዞር ለምደዋል። ከሁሉ የምትወደው ግን ሰፌዱን ነው። ጠርዙ ላይ ተደግፋ አብራኝ ማሾ ትለቅማለች። ጠጠር ስታገኝ በሁለት ጣቷ ቆንጥራ ታነሳና ዓይኔ ድረስ አምጥታ ታሳየኛለች፣ "ይቺን አላየሻትም" እንደማለት። እውነቷን ነው፣ ብዙ ጊዜ አላየኋትም።

ቆንጥራ የምታነሳው ደግሞ በግራዋ ነው።

ይህን መጀመሪያ ያወጡት ጎረቤቴ እትዬ ዘርትሁን ናቸው። አስፋልቱ ዳር ያለ አንድ ሆቴል ውስጥ አልጋ ያነጥፋሉ፤ ከሥራ ሲመለሱ እኛ በር ላይ ሳይቆሙ አያልፉም።

"አንቺ ፈይሩዝ!" አሉ አንድ ቀን፣ ኑርሃንን አተኩረው አይተው። "ግራኝ ዳግመኛ ከይፋት ተነሳ በይኛ! እንግዲህ እኛ ወዴት እንሽሽ?"

ይህን ቃል እኛ ከተማ ማንም እየተነሳ አይወረውረውም፤ ሊያጣላ የሚችል ቃል ነው። እትዬ ዘርትሁን ግን ይችላሉ። በስደቱ ጊዜ ሜዳ ላይ አንድ ብርድ ልብስ ተካፍለን አድረናል።

"አይፍሩ እትዬ" አልኳቸው፣ "የእኛዋ የምትዘምተው ማሾ ላይ ብቻ ነው።"

"ቀልዱን ተዪውና በጊዜ ቀኟን አስለምጃት። የኔም ልጅ ታምራት እንደዚህ ነበር። አባቱ ግራውን በመቀነት አስሮ ነው ያስተወው።"

"አሁን ታምራት በቀኙ ምን ይሠራበታል?"

"ጫት ይቀነጥስበታል፣ ሌላ ምን አለ!" ብለው እየሳቁ ሄዱ።

ያ የአፍንጫው ነገር የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ኑርሃን አንዲት ማሾ ቆንጥራ አፍንጫዋ ውስጥ ከተተች። የትኛውም ልጅ አንድ ቀን የሆነ ቀዳዳ ውስጥ የሆነ ነገር ይከታል። ሌላውን ቀዳዳ በጣቴ ተጫንኩላትና "እፍ በይ" አልኳት፤ አስነጠሰች፣ ማሾዋ ወጥታ ደረቴ ላይ ተለጠፈች። አለቀ። እትዬ ዘርትሁን ግን በሩ ላይ ስለነበሩ ጮኸው ነበር፤ ጩኸቱን ሰምቶ ሰፈሩ ሁሉ ተሰበሰበ። ወሬው ሚኒባስ ተሳፍሮ ጀውሃ ሲገባ አንዷ ማሾ እፍኝ ሆናለች፣ ልጅቷም ታፍና ነፍሷ ከወጣች በኋላ የተመለሰች ሆናለች። እኔ ከዚያን ቀን ወዲህ ሰፌድ ላይ ስትቀመጥ ዓይኔን ከእጇ ነቅዬ አላውቅም። ይህኛው ወሬ ግን ሚኒባስ የሚሳፈርበት አላገኘም።

ሙጂብ ደወለ። ከሁለተኛ ሚስቱ ጋር እናቱ ግቢ ውስጥ ነው የሚኖረው፤ የጅቡቲ መስመር ሾፌር ስለሆነ ግን ከቤቱ ይልቅ መኪናው ያውቀዋል።

"እናቴና ሸህ አደም እሁድ ይመጣሉ" አለኝ። "ልጅቷን ሊያዩ። እኔም አለሁ።"

"አንተ ደግሞ ልጅ እንዳለህ ማን አስታወሰህ?"

"አፍሽን ጠብቂ ፈይሩዝ። ያየነው ካላማረን ይዘናት ነው የምንመለሰው።"

እትዬ ዘርትሁን ይህን ሲሰሙ ቀልዳቸውን ተዉት። "የኔ ልጅ፣ ለአንዲት ቀን ነው። አስመስዪ። ለአንዲት ቀን ያላስመሰለ ማን አለ?"

ሞከርኩ። ማንኪያውን ከግራዋ አውጥቼ ቀኟ ላይ አደረግሁላት። ቀና ብላ አየችኝ፤ የተሳሳትኩ መሰላትና በትዕግሥት ወደ ቦታው መለሰችው። ደግሜ አዛወርኩት፤ ደግማ መለሰችው። እንዲህ ስንባባል ዋልን። ከሰዓት በኋላ ሳፋዋ ዘንድ ሄዳ ኩባያዋን አነሳች፣ ከዚያ ቆመች። ወደ ሌላኛው እጇ አዛወረችው። መለሰችው። ኩባያው ወደቀ። አላነሳችውም። ሁለት እጆቿን ወደ ፊቷ አምጥታ አንዱን አየች፣ ሌላውን አየች፣ የቱ የእሷ እንደሆነ የጠፋት ይመስል። ያን ማየት አልቻልኩም። ማስለመዱን በዚያው ተውኩት። እንግዶቹ ሲመጡ አስተኛታለሁ፣ ተኝታ ያዩዋታል፣ ወፍራ፣ ንጹሕ ሆና ያዩዋታል፣ ይሄዳሉ ብዬ ራሴን አሳመንኩ።

እሁድ ከዙህር ሶላት በኋላ መጡ። ሸህ አደም ነጭ ጀለቢያቸውን ለብሰዋል። እማ አሪፋ ከመንገዱ ሙቀት ደክመው ነበር፤ ውሃ ሰጠኋቸው። ሙጂብ በሩ አጠገብ፣ ለመውጣት እንደተዘጋጀ ሰው ተቀምጦ ስልኩን መነካካት ጀመረ። ቴምር በሰሃን አቀረብኩ፤ ሩዙ ምድጃ ላይ ነበር።

"ልጅቷስ?" አሉ እማ አሪፋ።

"ተኝታለች።"

"በዚህ ሰዓት? ታማለች እንዴ?"

"ጤነኛ ልጅ ቀንም ይተኛል እማ። ይጫወቱ።"

ማንቆርቆሪያውን አንስቼ ሸህ አደምን እጅ ማስታጠብ ጀመርኩ። ይህን ጊዜ የጓዳው መጋረጃ ተንቀሳቀሰ። ኑርሃን የውሃውን ድምፅ ሰምታ ከመደቡ በሆዷ ተንሸራታ ወርዳለች። ፀጉሯ ቆሟል፣ ጉንጯ ላይ የሰሌኑ ምልክት ታትሟል። እንግዶቹን አየች። የሚታጠበውን እጅ አየች። ከዚያ ማንንም ሳትጠይቅ ወደ ግድግዳው ሄዳ፣ እሷ እንድትደርስበት ዝቅ አድርጌ ከመታሁት ምስማር ላይ ፎጣውን አወረደችና፣ ደረቷ ላይ አቅፋ ለሸህ አደም አመጣችላቸው።

"ማሻአላህ!" አሉ ሸህ አደም። "ማን አዘዛት?"

"ማንም።"

"እንዴት ማንም?"

"እጅ ሲታጠብ ፎጣ እንደሚያስፈልግ ታውቃለች ሸህ።"

ሸሁ እጃቸውን አደረቁና ፎጣውን መለሱላት። ተቀብላ ለእማ አሪፋ ወሰደችላቸው። እማ አሪፋ ዓይናቸው እንባ ሞላ። "አረማመዷ የሙጂብ ነው። ልክ የሙጂብ፣ በልጅነቱ" አሉ። ሙጂብ እንኳ ቀና ብሎ አየ። እውነቱን ልናገር፣ በዚያች ሰዓት ያሸነፍኩ መሰለኝ። ልቤ ውስጥ ከበሮ ተመታ። "በአደብ" ያላችሁት ይኸው፣ ልል አፌ ድረስ መጥቶ ነበር።

ከዚያ ኑርሃን ወደ ቴምሩ ሄደች። ሰሃኑ ላይ ጎንበስ ብላ መረጠች፤ ትልቁን። በሁለት ጣቷ ቆንጥራ አነሳችው። ሸህ አደም ፊት ቆመችና ዘረጋችላቸው።

በግራዋ።

ሸህ አደም እጃቸው ጉልበታቸው ላይ እንዳለ ቀረ። ደግ ሰው ናቸው፤ ልጅ ሲከፋው ማየት አይወዱም። ግን ዕድሜያቸውን ሙሉ ከግራ እጅ እህል ተቀብለው አያውቁም፤ እጃቸው አልታዘዝ አላቸው። ኑርሃን ጠበቀች። ክንዷ ሲዝልባት በሌላኛው እጇ ክርኗን ደገፈችው፤ ለትልቅ ሰው ስንሰጥ አክብረን እንደምናደርገው ማለት ነው፣ በግልባጩ። ያን ከእኔ አይታ ነው። ማንም አላስተማራትም።

"በቀኝ ነው የኔ እናት፣ በቀኝ" አሉ እማ አሪፋ፣ ክንዷን ይዘው ቴምሩን አዛወሩላት። ኑርሃን መለሰችው። አዛወሩት። መለሰችው። በዚህ መሀል ቴምሩ መሬት ወደቀ። አነሳችውና፣ ተቀባይ እንደሌለው ሲገባት፣ ራሷ ጎረሰችው።

"ግራኝ ናት እንዴ?" አለ ሙጂብ። "ታዲያ ማን ሊያገባት ነው?"

"ሁለት ዓመት አልሞላትም" አልኩት። "ገበያ ልታወጣት ስታስብ ቀድመህ ንገረኝ።"

"ፈይሩዝ" አሉ ሸህ አደም። "እኔን ስሚኝ ልጄ።"

"ሸህ፣ እጇን እየፈታች ነው። ልጅ አፉን ሲፈታ ዝም በል አይባልም። የእጇም ነገር እንደዚያው ነው፣ ከቆረጡባት..."

"አፍ ሲፈታም እኮ ቢስሚላህ በል እንለዋለን። የተፈታ ሁሉ መልካም ነው ያለሽ ማነው? የተፈታ በግ የጅብ ነው።" ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። "እኔ የልጅቷን ብልህነት አይቻለሁ፤ ዓይን አለኝ። ግን አስቢው። ነገ ሰርግ ቤት ትቀመጣለች፣ ሐዘን ቤት ትቀመጣለች። አንድ ትሪ ይቀርባል። እሷ ግራዋን ስትዘረጋ ትሪው ዙሪያ ያለ ሰው ሁሉ እጁን ይሰበስባል። አይሰድቧትም፣ አይቆጧትም። እጃቸውን ብቻ ይሰበስባሉ። ያን ቀን አንቺ አጠገቧ አለሽ?"

ካነበብኩት ሁሉ ውስጥ ይህ ጥያቄ አልነበረም።

"መጀመሪያውኑ ለእሷ መተዋችን ነው ጥፋቱ" አለ ሙጂብ፣ ልቡ ሞልቶ። "ባል የላት፣ አልወለደች። ከስልክ ላይ ልጅ ማሳደግ ትማራለች! ማሾ እያስለቀመች፣ እንግዳ እያስተናገደች ልጄን ሠራተኛ አድርጋታለች።"

"እህቴ በቀኟ የምትበላ ሆና ነው ያገባችህ" አልኩት። "ምን አተረፈች?"

ሙጂብ ተነሳ። ሸህ አደም "አስተግፊሩላህ" ብለው በከዘራቸው መንገዱን ዘጉበት። እማ አሪፋ ግን አልተቆጡም። ኑርሃንን ወደ ጉያቸው ሳብ አድርገው፣ "ከእጇ ይልቅ" አሉ ቀስ ብለው፣ "ይህን አፍ እየሰማች እንዳታድግ ነው የምፈራው።"

ሸህ አደም ያለ እናቷ ቃል አልፈርድም አሉ። በእኔው ስልክ፣ በኢሞ፣ ለራቢዓ ተደወለላት። እህቴ የሰው ወጥ ቤት ውስጥ ቆማ ታየች፤ አጠገቧ አንድ ትልቅ ልጅ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ታብሌት ያያል። ሸሁ ነገሩን አንድ በአንድ ነገሯት፤ ሳይጨምሩ፣ ሳይቀንሱ፣ የፎጣውን ነገርም ሳይተዉ። ራቢዓ እየሰማች ልጁን በማንኪያ ታጎርሰዋለች። ልጁ ዓይኑን ከታብሌቱ ሳያነሳ አፉን ይከፍትላታል።

"ፈይሩዝ አለች?"

"አለሁ።"

"ምን አለበት ቀኟን ብታስለምጃት?"

"ራቢዓ፣ ብታዪያት እኮ እንዲህ አትይም። ምን እንደምትሠራ ብታዪ፣ ውሃ ሳታፈስ..."

"እኔ እዚህ ለትምህርት የደረሰ ልጅ አጎርሳለሁ። ጫማውን አስርለታለሁ። አፍንጫውን እጠርግለታለሁ። በእጁ አንድም ነገር ሠርቶ አያውቅም። ምንም አልሆነም። ነገም ምንም አይሆንም፣ የአባቱ ቤት አለለታ።" የልጁን አፍ ጠረገችለት። "ልጅን ሰው የሚያደርገው እጁ አይደለም ፈይሩዝ። ቤቱ ነው። አባቷ ቤት ትሂድ።"

"እኔስ?"

"አንቺ ማሸነፍ ነው የምትፈልጊው። ሁልጊዜ። ልጄ መከራከሪያሽ አይደለችም።"

ልመልስላት አፌን ስከፍት ኔትወርኩ ቆመ። ማንኪያው በአየር ላይ፣ የእህቴ ፊት ወደ ጎን ዞሮ፣ ስክሪኑ ላይ ደርቆ ቀረ። መልሼ ብደውል አላነሳችም።

ሩዙ አሯል። ማንም አልበላም። እማ አሪፋ ልጅቷን ጀርባቸው ላይ አድርገው በሻርፓቸው አዘሏት፣ ጠበቅ አድርገው፣ ሁለቱንም እጆቿን ወደ ውስጥ ከተው። ኑርሃን መጀመሪያ ጨዋታ መስሏት ሳቀች። ከዚያ አንዱን እጇን ልታወጣ ታገለች። ባጃጁ ውስጥ ሲገቡ በትከሻቸው ላይ አሻግራ እያየችኝ ነበር፤ ሻርፑ ሥር ክርኗ ወደ ላይ፣ ወደ ታች ሲል ይታየኛል። ሸህ አደም ከመሄዳቸው በፊት፣ "አትቆጪ፣ መጥተሽ ታዪያታለሽ" አሉኝ። ሙጂብ የልጅቷን ልብስ በፌስታል ይዞ ከፊት ተቀመጠ።

እትዬ ዘርትሁን ማታ መጥተው፣ "ክሰሻቸው" አሉኝ። እናቷ በገዛ አፏ ሰጥታ ማንን ብዬ ነው የምከሰው? "እንግዲያው አልቅሺ" አሉኝ። እሱንም አልቻልኩበትም። ማሾውን መልቀም ቀጠልኩ። ጠጠር አምልጦሻል ብሎ ነጋዴው አንድ ጆንያ መለሰብኝ፤ እንዲህ ብሎኝ አያውቅም ነበር።

ለማየት ልሂድ ስል መንገዱ በተኩስ ተዘጋ። ሲከፈት በመጀመሪያው ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ረዳቱ "ጀውሃ! አጣዬ!" እያለ ይጮኻል፤ ሰው ሁሉ በመስኮት ዳሩን ዳሩን ያያል። አንድ የበሰለ ማንጎ ይዤላት ነበር።

የእማ አሪፋ ቤት ከባድ መኪኖች ከሚያርፉበት ከምግብ ቤቶቹ ጀርባ ነው። በደስታ ተቀበሉኝ። እማ አሪፋ ክፉ አይደሉም። ክፉ ቢሆኑ ይሻለኝ ነበር፤ በክፉ ሰው ላይ ምን እንደምል አውቃለሁ።

ኑርሃን ምንጣፍ ላይ ተቀምጣለች። ወፍራለች። ፀጉሯ በቅባት ወዝቶ ሹሩባ ተሠርታለች፤ አዲስ ረጅም እጅጌ ያለው ቀሚስ ለብሳለች። የግራው እጅጌ ጫፍ ተሰፍቶ ተዘግቷል። በቀጭን ስፌት፣ በጥንቃቄ፣ ክሩ ከልብሱ ቀለም ጋር ተመሳስሎ።

"አሁንማ ባይሰፋም ግድ የለም" አሉ እማ አሪፋ፣ ዓይኔ ያረፈበትን አይተው። "ትታዋለች። ልማድ እንዳይመለስ ብዬ ነው እንጂ።"

"ቀኟንስ ትሠራበታለች?"

"ምን ሥራ አለባት ልጅ! ሁሉን እኛ እናደርግላታለን። ስንት ሰው አለ እዚህ ቤት።"

አጠገቧ ቁጭ አልኩ። አየችኝ። ሳቅ አለች፤ አውቃኛለች። ግን አልተነሳችም። ማንጎውን ከፌስታሉ አውጥቼ ፊቷ፣ ምንጣፉ ላይ አስቀመጥኩት፣ በምትደርስበት። ሁለት እጄን ጭኔ ላይ አድርጌ ጠበቅሁ። ማንጎውን አየችው። ሽታው እኔን እንኳ ምራቄን አስዋጠኝ። ትንሽ ወደ ፊት አዘነበለች።

ከዚያ ቀና ብላ አያቷን አየች።

"ጎሽ!" አሉ እማ አሪፋ፣ ፊታቸው በራ። "ታዪያለሽ? ካልሰጧት አትነካም። ጎረቤት ሁሉ ይገረማል።" ማንጎውን አንስተው ላጡት፣ በትንሽ በትንሹ እየቆረሱ አጎረሷት። ኑርሃን አፏን እየከፈተች ተቀበለች። ጭማቂው አገጯ ላይ ሲወርድ እሳቸው ጠረጉላት። በፍቅር ነው የጠረጉላት። ያን ማንም ሊክድ አይችልም፣ እኔም ጭምር።

ብዙ ልናገር አስቤ ነበር የመጣሁት። መንገዱን ሙሉ አዘጋጅቼው ነበር። ማንን ልናገር? ቤቱ ሙሉ ሰው ነው፤ ትሪ ሲቀርብ ማንም እጁን አይሰበስብባትም። ሸህ አደም ያሉት ሁሉ ተፈጽሟል።

የመጨረሻው ሚኒባስ እንዳያመልጠኝ ተነሳሁ። ጉንጯን ሳምኳት፤ የቅባት ሽታ ነበራት። ስወጣ ታለቅስ ይሆናል ብዬ ፈርቼ ነበር። ልዋሽ ምን አስገደደኝ፣ ታልቅስ ብዬ ነበር የጠበቅሁት። አላለቀሰችም።

"አየሽ፣ አታስቸግርም" አሉ እማ አሪፋ እየሸኙኝ። "የኔ አደበኛ።"

ግቢው በር ላይ ደርሼ ዞር አልኩ። በተከፈተው በር ትታየኛለች። ተቀምጣለች። ያስቀመጧት ቦታ ላይ።